ጉልበት እያለው ለምን ተቆረጠ? ከደብረ ብርሃን የብስክሌት ዙር ውድድር የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

## መነሻ

ይህን የምጽፈው ሁለት ወር ሙሉ ያልታመመ እግር ስናክም ስለቆየን ነው። ቡድናችን ውስጥ ዳገት ላይ ማንም የማይደርስበት ልጅ አለ። ይኸው ልጅ ከተማ ውስጥ በሚደረግ አጭር የዙር ውድድር ግማሹን እንኳን ሳይጨርስ ከሰው ይቆረጣል፣ ማለትም አብረውት የሚነዱትን መከተል አቅቶት ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ ጊዜ ሲሆን መጥፎ ቀን ገጥሞት ነው አልን። ሲደገም ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ አልተቻለም። በሦስተኛው ውድድር ነገሩ ተለወጠ። የተለወጠበት ምክንያት ደግሞ ስንደክምበት ከነበረው ጋር ምንም አይገናኝም።

የሰው ስም አልጠቅስም። ተወዳዳሪውን «ልጁ» እለዋለሁ። አሰልጣኛችንን ሁላችንም «ጋሼ» ስለምንላቸው እዚህም ጋሼ ናቸው። እኔ ከቡድኑ ጋር እነዳለሁ፣ ሰዓት እይዛለሁ፣ መመዝገቢያ ደብተሩም እኔ ጋ ነው። የማሰፍራቸው ሰዓቶችና ዙሮች ከዚያ ደብተር የተወሰዱ ናቸው።

## ቦታውና ቡድኑ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ብርዷን የማያውቅ የለም። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል። ጣት ይደነዝዛል፣ ፍሬን ለመያዝ እንኳን ያስቸግራል። አየሩም ስስ ነው። በዚህ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት አንድ እጅ በላይ ያንሳል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቡድኑ አምስት ሰው ነው። ተማሪ አለ፣ ፋብሪካ የሚሠራ አለ፣ አንዱ ጎሚስታ ነው። ብስክሌቶቻችን ሁሉም ያገለገሉ ናቸው፣ የሁለቱ ፍሬም ብረት ነው። ልጁ 21 ዓመቱ ነው፣ 58 ኪሎ ይመዝናል። ብስክሌት ከመያዙ በፊት ከአጎቱ ጋር ጋሪ ይነዳ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህን ነገር ለረጅም ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ይወዳደሩ ነበር። ስለ ብስክሌት ወሬ ሲነሳ መነሻቸው ሁልጊዜ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ነው። በ1949 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ብስክሌት ውድድር 24ኛ ወጥቷል፣ ቡድኑም 9ኛ ሆኗል። «ያኔ የነበረን ብስክሌት ከዛሬው የናንተ አይሻልም» ይሉናል። ልጁ ደግሞ የራሱ ጀግና አለው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ የልጁ ስልክ ላይ ያለው ፎቶ የእሱ ነው። ሁለቱም ታሪኮች ግን የረጅም ጎዳና ውድድር ታሪኮች ናቸው። እኛ የገባንበት ሌላ ዓይነት ውድድር ነበር።

## ውድድሩ ምን ዓይነት ነው

ክሪቴሪየም ይባላል። ከተማ ውስጥ አጭር ዙር ይመረጣል፣ መንገዱ ለመኪና ይዘጋል፣ ተወዳዳሪው ያንኑ ዙር ደጋግሞ ይዞራል። የኛ ዙር 1.4 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሩጫው 25 ዙር። በድምሩ 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንድ ሰዓት የማይሞላ ነገር ነው። ለዚያ ነው መጀመሪያ የናቅነው። እስከ ጉዶ በረት ደርሶ በነፋስ የሚመለስ ሰው 35 ኪሎ ሜትርን ከቁጥር አያስገባም።

ዙሩ አራት መታጠፊያ አለው፣ አራቱም ወደ ቀኝ። የመጀመሪያው ሰፊ ነው። ሁለተኛውም አያስቸግርም። ከሁለተኛው በኋላ ቁልቁል ይወርድና ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ይደርሳል። እሱ ጠባብ ነው፣ ጠርዙ ኮብልስቶን ነው፣ ኮብልስቶኑ ላይ ደግሞ አሸዋ አይጠፋም። ከእሱ ሲወጡ ነፋስ ፊት ለፊት ይቀበላል። አራተኛው ትንሽ ዳገት ላይ ነው።

ሕጉም የራሱ ነው። መሪዎቹ ዞረው የደረሱበት ተወዳዳሪ ከውድድር ይወጣል። አንዳንድ ዙር ላይ ደወል ይደወላል። ያን ዙር ጨርሶ መስመሩን ቀድሞ ያለፈ ሽልማት ያገኛል፣ ውድድሩ ግን ይቀጥላል። ጎማ የፈነዳበት ወይም የወደቀ ሰው ደግሞ ዳኛ ካየለት በኋላ አንድ ወይም ሁለት ዙር አርፎ አብረውት ይነዱ የነበሩት ተወዳዳሪዎች ዞረው ሲመጡ ሊቀላቀል ይችላል። ይህን የመጨረሻውን በኅዳር አናውቅም ነበር። አንዱ ጓደኛችን በስድስተኛው ዙር ጎማው ሲተነፍስበት ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ቤቱ ሄደ። ለመጠየቅ ያሰበ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

## ችግሩ

በኅዳሩ ውድድር 31 ሰው ተነሳ። ልጁ ሲነሳ ተረጋግቶ ነበር፣ ቦታ ለማግኘት አልተጋፋም፣ ወደ ጭራው ሄዶ ተቀመጠ። ኋላ ሆኖ አቅሙን ቆጥቦ መጨረሻ ላይ ይወጣል ብለን እኛም ደስ ብሎን ነበር። በ11ኛው ዙር ተቆረጠ። ብቻውን ስምንት ዙር ታገለ፣ በ19ኛው ዙር መሪዎቹ ደረሱበትና ዳኛው አስወጡት።

ሲወርድ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ምን ሆንክ?» ስለው «እግሬ አለቀ» አለኝ። ይህ ቃል ነው ያሳሳተን። እግሩ እንዳለቀ እውነት ነው። ለምን እንዳለቀ ግን ማንም አልጠየቀም።

## የመጀመሪያው መፍትሔ

እግር ካለቀ እግር ይጠንክር አልን። ስምንት ሳምንት ዳገት ሠራን። ማክሰኞና ሐሙስ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ቅዳሜ ደግሞ በጉዶ በረት አድርገን እስከ ጣርማበር። ጣርማበርን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ አፍ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አንዳንድ ቀን ጉሙ አሥር ሜትር አያሳይም።

ልጁ ተሻሻለ፣ በጣም ተሻሻለ። በአንኮበር መንገድ ላይ የምንለካበት 5 ኪሎ ሜትር ዳገት አለ። መጀመሪያ 17 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በስምንተኛው ሳምንት 16 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገባ። ከቡድኑ ሁለተኛ የሆነው ሰው ከእሱ በሁለት ደቂቃ ይዘገያል። ጋሼ ሰዓቱን አይተው «በቃ፣ በጥር ማንም አይቀድመውም» አሉ። እኔም አምኜ ነበር።

በጥር በ13ኛው ዙር ተቆረጠ።

የስምንት ሳምንት ላብ ሁለት ዙር ብቻ ነው የገዛልን። በዚያ ላይ ዳገት ላይ ሁለት ደቂቃ የሚቀደመው ጓደኛችን ውድድሩን ከዋናው የተወዳዳሪዎች ስብስብ ጋር ጨረሰ። ልጁ ለሦስት ቀን ልምምድ አልመጣም። ቤቱ ሄጄ ሳገኘው ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» አለ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ከስፖርት የሚወጣው በዚህች ሰዓት ነው። አሰልጣኝ የሆናችሁ ሁሉ ይህችን ሰዓት ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩአት።

## በስልክ ያየነው

በጥር ወሩ ውድድር ቀን የጎሚስታው ታናሽ ወንድም ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቆሞ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። የሚቀርጸው ለጨዋታ ነው። ከሳምንት በኋላ ፊልሙን አምጥቶ አሳየን። ያን ቀን ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠን አንዱን ዙር ሃያ ጊዜ ሳናየው አልቀረንም።

ከፊት ያሉት አምስት ሰዎች መታጠፊያውን ሲያልፉ ፍሬን የነኩ አይመስሉም። ተራ በተራ እንደ ክር ይገባሉ፣ እንደ ክር ይወጣሉ። ኋላ ያሉት ግን አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራል። ፊተኛው ትንሽ ሲያቀዘቅዝ ሁለተኛው ትንሽ ይበልጥ ያቀዘቅዛል፣ ሦስተኛው ከዚያም ይበልጥ፣ እያለ እያለ ጭራው ላይ ሲደርስ ሊቆም ምንም አይቀረውም። ልጃችን 22ኛ ነበር። ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ከመታጠፊያው አፍ እስከ መውጫው ፊተኛው 5 ሰከንድ ፈጀበት፣ ልጁ 8 ሰከንድ። ሲወጣ ከፊቱ ትልቅ ክፍተት ይጠብቀዋል። ከኮርቻው ተነስቶ፣ ፊት ለፊት በሚመጣ ነፋስ፣ እንደ መጨረሻ ዙር እየታገለ ይደርሳል። ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ አራተኛው መታጠፊያ።

አራት መታጠፊያ በ25 ዙር መቶ ነው። ልጁ መቶ ጊዜ ስፕሪንት፣ ማለትም በሙሉ ኃይል አጭር ግልቢያ፣ እንዲሠራ ነበር የላክነው።

ሒሳቡን የሚፈልግ ካለ እነሆ። ፍጥነት ለመጨመር የሚወጣው ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ብቻ አያድግም፣ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው። ፊት ያለው ሰው ከ32 ወደ 38 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያድጋል እንበል። 38 በ38 ሲባዛ 1,444፣ 32 በ32 ደግሞ 1,024 ነው፤ ልዩነቱ 420። ኋላ ያለው ከ20 ተነስቶ ለመድረስ 40 ይነዳል። 1,600 ሲቀነስ 400፣ 1,200 ይሆናል። ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሁለቱ እኩል ኪሎ ቢመዝኑ፣ እኩል ብስክሌት ቢኖራቸውም፣ ኋላ ያለው ከያንዳንዱ መታጠፊያ በኋላ ሦስት እጥፍ ይከፍላል።

መጀመሪያ ያዙልኝ ያልኩት የአየር ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። በኛ ከፍታ አንድ ስፕሪንት መሥራት ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ከስፕሪንቱ በኋላ ትንፋሽ መመለስ ነው። ኦክስጅኑ ትንሽ ስለሆነ ማገገሚያው ይረዝማል። ሌላው መታጠፊያ ግን አይጠብቅም። ደብረ ብርሃን ላይ ጭራ መያዝ ቆላ ላይ ጭራ ከመያዝ የበለጠ ያስከፍላል።

ኋላ ሆኖ አቅም መቆጠብ የሚባለውን እኛ ከረጅም መንገድ ነው ያመጣነው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ልክ ነው። ሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ነፋሱን ስለሚጋረድ ከሩብ በላይ ጉልበት ሊቆጥብ ይችላል። የዙር ውድድር ላይ ግን አምስተኛ ሆኖም ይኸው ከነፋስ መከለያ አለ። 22ኛ መሆን የሚጨምርለት ነገር የለም፣ መታጠፊያ ላይ የሚከመረውን ሰው ብቻ ይጨምርለታል።

## ሁለተኛው ግማሽ፣ ልጁ ራሱ

ቦታው ብቻ እንዳይሆን ፈራን። አንድ እሑድ ከተማው ሳይነቃ ልጁንና ያንን ዳገት የማይችል ጓደኛችንን ለየብቻቸው ዙሩን አስነዳናቸው። ሰው የለም፣ የሚከመር የለም። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ጓደኛችን 5 ሰከንድ፣ ልጁ 7። ስለዚህ ችግሩ ሁለት ነው። ከቦታው ሌላ አነዳዱም አለበት።

ጋሼ ቆመው አዩት። ልጁ ቁልቁሉን በሙሉ ፍጥነት ይወርድና መታጠፊያው ውስጥ ከገባ በኋላ ፍሬን ይይዛል። ጎማው ያን ጊዜ ብስክሌቱን የማጠፍና የማቆም ሁለት ሥራ ይይዛል፣ ሁለቱንም በደንብ አይሠራም። ብስክሌቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ልጁ ኮብልስቶኑን ሲያይ ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ፍሬኑን የባሰ ያጠብቃል።

ጋሼ ሁለት ወር ሙሉ «ፍሬን ቀድመህ ያዝ» እያሉ ጮኸውበታል። አልገባውም ነበር። ያን ቀን ጠሩትና እንዲህ አሉት።

«አንተ፣ ጋሪ ስትነዳ ፈረሱን መታጠፊያው ላይ ከደረስክ በኋላ ነው ልጓም የምትስበው?»

«ኧረ ጋሼ! ጋሪው ይገለበጣላ።»

«ታዲያ መቼ ነው የምትስበው?»

«ሳልደርስ። ቀድሜ አቀዘቅዘውና ሲዞር እለቅለታለሁ።»

«ዓይንህስ የት ነው?»

«የምሄድበት ላይ። ቦዩን ካየሁ ቦይ ውስጥ ነው የምገባው።»

ዝም ተባባልን። ልጁ ራሱ ቀስ ብሎ ሳቀ። ተመልሶ ወጣና እንደገና ወረደ። 6 ሰከንድ። ሁለት ወር ያልገባ ነገር በአንድ ደቂቃ ገባ፣ ምክንያቱም ከድሮም ያውቀዋል። ጠያቂ ነው ያጣው።

## ያደረግነው

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የዳገቱን ልምምድ ወደ ሳምንት አንድ ቀን ቀነስን። የቀረውን ጊዜ ባዶ ሜዳ ላይ አዋልነው። ባዶ ሃይላንዶች አሸዋ ሞልተን መታጠፊያ ሠራን። አንድ ሃይላንድ ፍሬን የሚለቀቅበትን ቦታ ያሳያል። ከእሱ በኋላ ፍሬን የነካ ዙሩ አይቆጠርለትም። ዓይን ወደ መውጫው፣ የውጩ ፔዳል ወደ ታች፣ ክብደት በእሱ ላይ። የኛ ዙር ሁሌም ወደ ቀኝ ስለሚታጠፍ የግራ እግር ታች ይሆናል። ቀኙ ታች ከሆነ ብስክሌቱ ሲያዘነብል ፔዳሉ መሬት ይመታል።

ጎማም ነበረበት። እስከዚያ ድረስ ጎማችንን በኮምፕረሰር 120 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ ነው) ነበር የምንሞላው። ጠንካራ ጎማ ፈጣን ጎማ ነው ይባል ነበር። ለ58 ኪሎ ልጅ ይህ ድንጋይ ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ይዘላል። ወደ 85 አወረድነው፣ የፊቱን ወደ 80። መንገዱን ይዞ ሲሄድ ይሰማል። ገንዘብ ያልጠየቀን ብቸኛው ማሻሻያ ይህ ነው፣ ጥቅሙም ወዲያው ታየ።

ከዚያ ቦታ መያዝ። አምስታችን ተጠጋግተን እየነዳን አንዱ ከኋላ ወደ ፊት የሚወጣበትን ልምምድ ደጋገምን። ደንቡ አንድ ነው። መታጠፊያ ላይ አትውጣ፣ ቀጥታው ላይ ሰው ሲዝል ውጣ። ልጁ መጋፋት አይወድም፣ ጨዋ ልጅ ነው። የሰው ክንድ ሲነካው ይቅርታ ብሎ ወደ ኋላ ይቀራል። ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሳይደነግጥ መንዳትን ሣር ላይ ነው ያስተማርነው፣ ብንወድቅም እንዳያመን።

ከውድድር በፊት ሰውነት የማሟሟቁን ነገር በአጭሩ ልበል። ከመነሻው በፊት 25 ደቂቃ ተነድቶ፣ መጨረሻ ላይ ሦስት አጭር ስፕሪንት ተሠርቶ፣ እስከ ፊሽካው ድረስ ጋቢ ይለበሳል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ፈጣን ናቸው፣ በቀዘቀዘ እግር የሚነሳ ሰው ያኔውኑ ጭራ ላይ ይገኛል።

## ያልሠራው

ሦስት ነገር አበላሽተናል።

የመጀመሪያው ከባድ ነው። በመጋቢት መታጠፊያውን በፍጥነት መውሰድ ሲጥማቸው ልጆቹ ይፎካከሩ ጀመር። እኔም ሰዓት እየያዝኩ አበረታታሁ። አንዱ ጓደኛችን ጠጠር ላይ ተንሸራቶ ወደቀና የእጁ አንጓ ተጎዳ። ስድስት ሳምንት ከብስክሌት ራቀ፣ የሚያዝያው ውድድር አመለጠው። ሜዳውን ቀድመን ጠርገን ቢሆን፣ ሰዓት መያዙን ለሁለት ሳምንት ብናዘገይ ኖሮ አይወድቅም ነበር። ይህ የኔ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው፣ የተዋስነው ጎማ ነው። አንድ ወዳጃችን ቀላል ጎማ ከነሪሙ አዋሰን። ለልጁ ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው አደረግንለት። ፍሬኑ ሪሙን የሚይዝበት ሁኔታ ተለየ፣ ልጁ የተማረው የሃይላንድ ቦታ ሁሉ ተዛባበት። በዋዜማው አወጣነው።

ሦስተኛው፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዙር ተሰልፈን ልጁን ፊት እናደርሰዋለን የሚል ዕቅድ ነበረን። ወረቀት ላይ ያምራል። ባለሙያ ቡድኖች የሚሠሩት ስድስት ሰባት እኩል ፈጣን ሰው ይዘው ነው። በ22ኛው ዙር ከቡድናችን ከልጁ ጋር የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

## የሚያዝያው ውድድር

28 ሰው ተነሳ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብርዱ ለቀቅ ብሎ ነበር። ልጁ ቁርሱን ሊነሳ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው በልቶ ጨርሷል። በጥር ሊነሳ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው በሶ በጥብጦ ጠጥቶ ሆዱ ከብዶት ስለነበር ያን ደግመን አላደረግነውም። በሶው መልካም ምግብ ነው፣ ሰዓቱ ነው የተሳሳተው።

እኔ ከእሱ ጋር እነዳ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ልጁ እስከ ዛሬ ያላየሁትን ነገር አደረገ። ተጋፋ። በመጀመሪያው ዙር ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ስድስተኛ ነበር። ቀድሞ ፍሬኑን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ዞረ። ከኋላው ሰው ሲከመር ይሰማኛል። እሱ ግን ሄዷል።

በ10ኛው ዙር ሰባተኛ ነበር፣ በ13ኛው ስምንተኛ። በጥር የተቆረጠበትን ዙር ሲያልፍ ጎሚስታው ከዳር ሆኖ «አለፍካት!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ።

በ15ኛው ዙር ደወል ተደወለ። ሽልማቱ 500 ብር ነው። ልጁ ወጣ። አልተነጋገርንበትም። ብሩን ወሰደ፣ ግን ሁለት ዙር ሙሉ እግሩ አልመለስ አለው፣ ቀስ በቀስ እስከ 14ኛ ወረደ። ያን ጊዜ ደህና ቦታ ላይ ባይሆን ኖሮ ይቆረጥ ነበር። ከፊት መንዳት አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው። ስትደክም ወደ ኋላ የምትንሸራተትበት ስምንት ሰው አለህ። ጭራ ላይ የደከመ ሰው የሚንሸራተተው ወደ ቤቱ ነው።

በ20ኛው ዙር ተመልሶ ዘጠነኛ ሆነ። ውድድሩን የጨረስነው 16 ሰዎች ነን። ልጁ ስድስተኛ፣ እኔ 12ኛ። ያሸነፈው ልጅ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው፣ በደንብ ይነዳል፣ ይገባዋል። ልጁ መስመሩን ሲያልፍ ደክሞት ነበር፣ እግሩ ግን አይንቀጠቀጥም።

ጋሼ ሄደው ጋቢውን አለበሱት። «በዳገቱ ጊዜ ያለፋሁህን ይቅር በለኝ» አሉት። ትልቅ ሰው ለልጅ እንዲህ ሲል በዓይኔ አላየሁም ነበር።

## ለሌላ ቡድን የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ሌላ ቦታ የሚሠራው ምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ።

አንድ ሰው «እግሬ አለቀ» ሲላችሁ የት ቦታ እንዳለቀ ጠይቁት። ዳገት ላይ? ከመታጠፊያ በኋላ? ሲነሳ? ልጁን በኅዳር ይህን ጠይቄው ቢሆን ሦስተኛው መታጠፊያ ብሎ ይመልስልኝ ነበር። በኋላ ጠይቄው እንደዚያ ነው ያለኝ።

ስልክ ያለው ሰው መታጠፊያ ላይ አቁሙ። መጨረሻው መስመር ላይ የሚቀረጽ ፊልም ማን እንዳሸነፈ ብቻ ነው የሚያሳየው። የተሸነፈው ሰው የት እንደተሸነፈ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው።

የሚሻሻል ቁጥር ልብ ያሞኛል። ዳገቱ ላይ ያገኘነው አንድ ደቂቃ ከ35 ሰከንድ እውነተኛ ነው፣ ደስም ይላል። ግን ዙሩ ላይ ያ ዳገት የለም። የምትለኩት ነገር ውድድሩ ውስጥ የሚገኝ ይሁን። እኛ አሁን የምንለካው መታጠፊያውን ነው።

ሕጉን ዳኛውን ሄዳችሁ ከመነሻው በፊት ጠይቁ። ደወሉ ስንት ጊዜ ነው፣ ጎማ ቢፈነዳ የት ነው የሚቆመው፣ የተደረሰበት ወዲያው ነው የሚወጣው ወይስ በመስመሩ ላይ? አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጎማው የተነፈሰበት ጓደኛችን ያን ቀን መጨረስ ይችል ነበር።

ሰው ከዚህ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር እወቁ። ጋሪ የነዳ፣ እረኛ የነበረ፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ ሁሉም ስለ ፍጥነትና ስለ መዞር የሚያውቀው ነገር አለ። በእሱ ቋንቋ ስትጠይቁት ይወጣል።

ስለ ልምምድ አደጋ ደግሞ ሜዳውን ራሳችሁ በመጥረጊያ ጥረጉ። ሌላ ሰው ይጠርገዋል አትበሉ። ሄልሜት ያላደረገ አይነዳም፣ ጓንት የሌለው መታጠፊያ አይለማመድም። ሰው ሲወድቅ ቀድሞ የሚደርሰው መዳፉ ነው።

## አሁን ያለበት

እርጥብ መንገድ ላይ ገና አልተፈተነም። ያየናቸው ሦስቱም ውድድሮች ደረቅ ነበሩ። እርጥብ ኮብልስቶን ሌላ ነገር ነው። ክረምቱ ሳይጠና ሰኔ ላይ በዝግታ ለመጀመር አስበናል፣ ጎማውንም ከ80 ትንሽ ዝቅ አድርገን።

አንጓው የተጎዳው ጓደኛችን ተመልሷል። ዳገቱ ላይ እንደ ድሮው ነው፣ መታጠፊያ ሲደርስ ግን ይፈራል። አይፈረድበትም። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ከእሱ ጋር ሜዳ ይወጣል። ሃይላንዶቹን የሚደረድረው ልጁ ነው፣ ጠጠሩን የምጠርገው እኔ። ሰዓት አንይዝም። ባለፈው ቅዳሜ ሃያ ጊዜ ዞሮ ሦስቱን ብቻ ፍሬን ሳይነካ አለፈ። ደብተሩ ላይ ያሰፈርኩት ሦስቱን ነው።